ሀገር በቀል ዕውቀት ለዩኒቨርሲቲ ምርምር ምኑ ነው?

«ሀገር በቀል ዕውቀት» ዛሬ የማይነሳበት ስብሰባ የለም። ባነር ላይ አለ፣ ስትራቴጂክ ዕቅድ ላይ አለ፣ የመክፈቻ ንግግር ላይማ አይቀርም። በተግባር ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ብዙዎቻችን ጥቂት ቅጠላ ቅጠል ጠርተን እናልፋለን።

ባጭሩ፣ አንድ ማኅበረሰብ በኖረበት አካባቢ እያየና እየሞከረ ያጠራቀመው፣ ከእናት ለልጅ የሚወርድ ዕውቀት ነው። የኮንሶ እርከን እዚህ ውስጥ ይገባል። የጠላ ጥንስስም፣ የገበሬው የዘር መረጣም እንደዚሁ። ዩኒቨርሲቲ ከዚህ ምን ያተርፋል? ለዚህ እንዶድ ከሚባለው ተክል የተሻለ ምስክር አላውቅም።

እንዶድን ባላገር ያደገ ሰው ያውቀዋል። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ ውኃ ውስጥ ሲገባ እንደ ሳሙና አረፋ ይሰጣል። ነጠላና ጋቢ ያነጣል። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ የሄዱት ግን ለልብስ አጠባ አልነበረም። ቢልሃርዚያ የተባለውን፣ በትል የሚመጣ በሽታ ሊያጠኑ ነው። የቢልሃርዚያ ትል ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት ውኃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ ገላ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ውኃ የነካውን ሰው በቆዳው በኩል ይገባበታል። ቀንድ አውጣው ከሌለ ሰንሰለቱ ተበጠሰ ማለት ነው።

አክሊሉ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወደ ታች፣ ውኃው በሚወርድበት በኩል፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ሌላ ቦታ ያሉት ደህና ናቸው። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ዕቃ ውስጥ አደረጉና ከአጣቢዎቹ አንዷን ከእንዶዱ አረፋ ጠብ እንድታደርግበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። የመጀመሪያው ሙከራ ይኸው ነው። ላቦራቶሪው ወንዝ ዳር፣ ኬሚካሉም ከሴትየዋ እጅ።

እንግዲህ ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል፤ «ሴቶቹ ተክሉን ሰጡ፣ ሳይንቲስቱ ቀሪውን ሠራ» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሴቶቹ ከተክሉ በላይ የሰጡት አሠራሩን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፍሬው ውስጥ ሳፖኒን የሚባል አረፋ የሚሰጥ ንጥረ ነገር አለ። ሳፖኒኑ ሁለት ቦታ ላይ የስኳር ሰንሰለት ተያይዞበታል። እንዲህ እንዳለ ቀንድ አውጣውን እምብዛም አይጎዳውም። የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ ቀዝቃዛ ውኃ ሲያገኝ ግን፣ በራሱ በፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም (ኬሚካላዊ ለውጥ የሚያፋጥን ንጥረ ነገር) አንደኛውን ሰንሰለት ይቆርጠዋል። ገዳዩ ይህ የተቆረጠው ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ እንደተለመደው ፍሬውን በሜታኖል (የአልኮል ዓይነት ነው) ብትዘፈዝፈው ኢንዛይሙ ሥራውን አይሠራም፤ የሚወጣልህ በአብዛኛው ያልተቆረጠው ነው። ማድረቅ፣ መውቀጥ፣ በቀዝቃዛ ውኃ መዘፍዘፍ፦ የአድዋ ሴቶች ደንብ ኬሚስቶቹ ዞረው ከደረሱበት ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ተክሉን ብቻ ቆርጦ፣ አሠራሩን ሳይጠይቅ የሚሄድ ተመራማሪ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።

ዩኒቨርሲቲው ታዲያ ምን ጨመረ? ብዙ። ሴቶቹ ስለ ቢልሃርዚያ ብለው አልነበረም እንዶድ የሚወቅጡት። አረፋውን ከበሽታው ጋር ያገናኘው የአክሊሉ ጥያቄ ነው። አክሊሉ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት መሠረቱ። አድዋ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በእንዶድ በተደረገው ሙከራ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ደግሞ የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው እያወዳደሩ ብዙ ፍሬ የሚሰጠውንና ኃይለኛውን መረጡ፤ «ዓይነት 44» የሚባለውን። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። ምርመራው መጥፎውንም አሳይቷል። እንዶድ ዓሣም ይገድላል፤ ስለዚህ እንደፈለጉ ወንዝ ላይ የሚደፋ ነገር አይደለም። የአባት ዕውቀት ስለሆነ ብቻ አይመረመር የሚል ካለ፣ ይህን ያስብ።

ባለቤትነቱስ? ይህ ነው ጣጣው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የሜዳ አህያ ዓይነት መስመር ያለው ትንሽ ባለ ዛጎል እንስሳ የአሜሪካን ታላላቅ ሐይቆች ወረረ፤ የውኃ መሳቢያ ቱቦ እየደፈነ አስቸገረ። ኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአክሊሉ ጋር ሆነው እንዶድ ይህንንም እንደሚገድል አረጋገጡ። እ.ኤ.አ. በ1993 ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ወጣ። የአክሊሉ ስም በፈልሳፊነት ሰፍሯል። ፓተንቱ ግን የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዕውቀቱን ጠብቀው ያቆዩት ሴቶች ድርሻ አልነበራቸውም። ጉዳዩ እስከ ዛሬ በባዮፓይረሲ፣ ማለትም የማኅበረሰብን ሀብትና ዕውቀት ያለ ተገቢ ድርሻ በመውሰድ፣ ክርክር ውስጥ ይነሳል።

ኢትዮጵያ ኋላ ላይ አዋጅ ቁጥር 482/1998ን (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አወጣች። አዋጁ የጄኔቲክ ሀብትንም (እንደ ተክል ዘር ያለውን) የማኅበረሰብ ዕውቀትንም ይመለከታል፦ ከመውሰድህ በፊት ፈቃድ ጠይቅ፣ ጥቅም ከተገኘ አካፍል ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ወደ መመረቂያ ጽሑፎቻችን ስንመጣ፣ መድኃኒት አዋቂው አባባ ወይም እማማ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት «ቁልፍ መረጃ ሰጪ» ተብለው ቁጥር ተሰጥቷቸው ነው። ስማቸው እንዳይጠቀስ የፈለጉ ካሉ መብታቸው ነው። ሌሎቹን ግን አስቀድሞ መጠየቅ፣ ሲፈቅዱ መጥቀስ፣ ውጤቱንም ተመልሶ መንገር ምን ይከብዳል? ይህ የምርምር በጀት አይጠይቅም፤ የአውቶቡስ ትኬት ይበቃዋል።