አባትህን ጠይቅ፦ በጅማ ያሉ ተጧሪዎችን ታሪክ ስለ መስማት

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣

ያዕቆብ በረሃብ ዘመን ግብፅ ወርዶ ፈርዖን ፊት በቀረበ ጊዜ ንጉሡ የጠየቀው ዕድሜውን ነበር። ሽማግሌውም 130 ዓመት መኖሩን፣ ዘመኑም ጥቂትና ክፉ እንደ ሆነበት ሳይሸሽግ ነገረው፤ ባርኮትም ወጣ (ዘፍ. 47፥8-10)። በሰው አገር የሰው እህል የሚበላ አባት ባለ ዙፋኑን ባረከ! ሙሴም «አባትህን ጠይቅ፥ ይነግርህማል» ይላል (ዘዳ. 32፥7)። እኛ ግን በበዓል ሰሞን ሳሙናና ዘይት ይዘን ወደ መጦሪያ እንሄዳለን፣ አስረክበን እንመለሳለን፤ የጠየቅነው ነገር የለም። ስጦታው መልካም ነው። መጠየቅም ግን አረጋዊን የማክበር ትእዛዝ ክፍል ነው።

ታሪካቸውን ጠይቃችሁ ለመጻፍ ስትሄዱ አስቀድማችሁ የመጦሪያውን ኃላፊ አስፈቅዱ፤ ከዚያ ባለ ታሪኩን ራሳቸውን። ሁለት ሁናችሁ ሂዱ፣ አንዱ ይጠይቅ፣ አንዱ ይጻፍ። ከቁርስ በኋላ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ጥሩ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ብዙዎቹ ይደክማሉ። ከ40 ደቂቃ አትለፉ። ደኅና በሚሰማው ጆሯቸው በኩል፣ ብርሃን ፊታችሁ ላይ እንዲያርፍ ሆናችሁ ተቀመጡ፤ መጮኽ ድምፅን ያዛባል እንጂ አያሰማም። ጅማ ላይ ደግሞ ቋንቋ ይታሰብበት፦ ልጅነታቸውን በኦሮምኛ፣ በከፍኛ ወይም በዳውሮኛ የኖሩ ሰዎች በአማርኛ ሲያወጉ ታሪኩ ያጥርባቸዋል። ቋንቋውን የሚችል ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ቡና ካፈላችሁ ስኳርም ጨውም ከመጨመራችሁ በፊት ተንከባካቢዋን ጠይቁ፤ የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛ አይጠፋም።

«ልጆች አሉዎት?» ብላችሁ አትጀምሩ። ብዙዎቹን ወደ መጦሪያ ያመጣቸው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። «እማማ፣ ውሃ የምትቀዱት ከየት ነበር?» ብትሉ ግን ወንዙ ጎረቤቱን፣ ጎረቤቱ ሠርጉን ይጠራል፤ ልጆቹም በራሳቸው ጊዜ ይመጣሉ።

ዓመተ ምሕረት አትጠይቁ። አገር አቀፍ የልደት ምዝገባ የተጀመረው ገና በ2008 ስለ ሆነ የልደት ቀኑን በትክክል የሚያውቅ አረጋዊ ጥቂት ነው። በዘመን ምልክት ለኩ፦ ጣልያን የወጣበት 1933፣ አብዮቱ 1966፣ የመሬት አዋጁ 1967፣ ድርቁ 1977፣ ደርግ የወደቀበት 1983። ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ለቡና ለቀማ መጥተው የቀሩ ካሉ «ሲመጡ ንጉሡ ነበሩ ወይስ ደርግ?» ማለት ይበቃል። በአብዮቱ ጊዜ የመጀመሪያ ልጇን ታጠባ የነበረች እናት ዛሬ ሰባዎቹን ይዛለች ማለት ነው።

መርሳት የጀመራቸውን አታርሙ። ትናንት «ወንድሜ» ያሉትን ዛሬ «አጎቴ» ቢሉት ሁለቱንም ጻፉ፤ እርማት ያሳፍራቸዋል፣ ያፈረ ሰው ደግሞ ዝም ይላል። ካለቀሱ አታቋርጡ፣ አትቸኩሉም። ፎቶ ማንሳት፣ ማሰራጨት ፈጽሞ ይቅር፤ ችግራቸው የእኛ በጎነት ማሳያ አይደለም። ሙስሊም አባት ወይም እናት ከሆኑ ታሪካቸውን በእምነታቸው ልክ ጻፉ። ማድመጥን ለስብከት ማጥመጃ ማድረግ አደራ መብላት ነው። «እንመለሳለን» ካላችሁም ተመለሱ፣ ቀን ቆጥረው ይጠብቃሉና።

ጽሑፉ ከሁለት ገጽ አይብለጥ፤ አነጋገራቸውንም አታሳምሩ። በሚቀጥለው ጉብኝት ቀስ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ «ይህ ይውጣ» ያሉት ይውጣ። አንድ ቅጂ ለእርሳቸው፣ ከፈቀዱ አንድ ለተንከባካቢዎች ስጡ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ላም ስታልብ የኖረች እናት ሌሊት 11 ሰዓት ብትነሣ የለመደችው መሆኑን ያኔ ያውቃሉ።

ኦርቶዶክሳዊ ለሆኑት የክርስትና ስማቸውንና የንስሐ አባታቸውን በመጀመሪያው ቀን መዝግቡ። ለጸሎተ ፍትሐት ካህኑ የሚጠይቀው ይህን ስም ነው፤ ዘመድ ከሌለ ደግሞ የሚነግረው አይገኝም።