ቢላዋ ትፈራላችሁ፣ ቱቦው ግን ቦርሳችሁ ውስጥ ነው

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት ነው። ድሬ በዚያ ሰዓት እንደ ልማዷ ጥላ ውስጥ ገብታለች፤ መንገዱ ላይ ባጃጅ እንኳ አይታይም። እኔ መድኃኒት ቤት ነኝ። ሁለት ሴቶች ማዘዣ ሰጥተውኝ፣ መድኃኒቱን እስካወጣላቸው ቬንትሌተሩ ሥር ቁጭ ብለው ስልክ ያያሉ። ቪዲዮው ላይ አንዲት ልጅ አፍንጫዋን ከመሠራቷ በፊትና በኋላ ታሳያለች።

«አቦ ተይኝ! ፈጣሪ የሰጣትን ፊት በቢላዋ ታስቀርጻለች?» አለች ትልቋ።

«ቆይ፣ ፕላስቲኩ ሙቀት ሲነካው እናያታለን» አለች ትንሿ። ሳቁ።

ስቀው ሲጨርሱ ትልቋ ወደ ባንኮኒው ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የኔ እህት፣ ያቺ ማጥሪያ ክሬም አለች?»

ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቷል፤ ጉንጯ ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ። እጇ ባንኮኒው ላይ ነው። የጣቶቿ መገጣጠሚያ በሙሉ ጥቁር። እንግዲህ ቢላዋ የምትፈራው እሷ ናት።

ይህን ወሬ መስማት ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ድሬ ውስጥ ለውበት ብሎ አፍንጫውን የተሠራ ሰው በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ቆዳውን በክሬም የላጠ ግን በቀን ስንቱን አስተናግዳለሁ። ወሬው ሁሉ ስለ መጀመሪያው ነው። ስለዚህ ስለ ፕላስቲክ ሰርጀሪ የሚባለውን አንድ ባንድ ልሂድበት።

«ፕላስቲክ ሰርጀሪ ማለት ፕላስቲክ ማስገባት ነው»

አይደለም። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፤ መቅረጽ ማለት ነው፣ ሸክላ ሠሪ ጭቃውን እንደምትቀርጸው። ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ፈርዲናንድ ፎን ግሬፌ ስለ አፍንጫ ጥገና የጻፈውን መጽሐፍ «ራይኖፕላስቲክ» ብሎ ያወጣው በፈረንጆቹ 1818 ነው። ቤክላይት የሚባለው ፕላስቲክ የተፈለሰፈው በ1907። ስሙ ከጀሪካኑ በፊት ነበር ማለት ነው። ሥራው ደግሞ ከስሙም ይቀድማል፤ በጥንቷ ሕንድ የተቆረጠ አፍንጫን ከጉንጭ በተወሰደ ቆዳ ይጠግኑ ነበር። ያቺ የቪዲዮዋ ልጅም ምናልባት የተነካባት የራሷ አጥንት ነው። ሙቀት ቢነካት አይቀልጥም። ድሬም መጥታ መኖር ትችላለች።

ሲሊኮን የሚባለው ባዕድ ነገር አለ፤ ለጡት መጠቀም የተጀመረው በፈረንጆቹ 1962 ቴክሳስ ውስጥ ነው። እሱም ዕድሜ ልክ አይቆይም። ብዙዎቹ ከዓመታት በኋላ እንደገና ቀዶ ጥገና ይገባሉ።

«ስብ ማስመጠጥ ያከሳል»

ቅርጽ ያስተካክላል እንጂ ውፍረት አይቀንስም። በልታችሁ ትመልሱታላችሁ።

«ቦቶክስና ፊለር አንድ ናቸው»

አይደሉም። ቦቶክስ ጡንቻን ለሦስት አራት ወር ያስተኛል፣ ፊለር የጎደለውን ይሞላል።

«ጎበዝ ሐኪም ከሠራው ጠባሳ የለውም»

የተቆረጠ ቆዳ ሁሉ ጠባሳ አለው። ጎበዝ ሐኪም የማይታይበት ቦታ ይደብቀዋል፣ በቃ። እኛ ጥቁር ሕዝቦች ደግሞ ኬሎይድ፣ ያ ከቁስሉ አልፎ የሚያብጠው ጠባሳ፣ ከነጮቹ ይልቅ ይበዛብናል። ጆሮዋን ስትበሳ ጉርብጥ ያለባት ሴት ለውበት ብላ ቢላዋ ከመንካቷ በፊት ሁለቴ ታስብ።

«የሀብታም ቅንጦት ነው»

ይህን የሚል ሰው ቤቱ ውስጥ የተቃጠለ ልጅ የለውም። ቃጠሎ ሲድን ቆዳው ይኮማተራል። አንገት ላይ ከሆነ አገጭን ወደ ደረት ይስባል፤ እጅ ላይ ከሆነ ጣቶችን እንዳጠፈ ያስቀራል። ያንን የሚፈታው የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ሐኪም ነው። የጎረቤታችን ልጅ በአራት ዓመቷ ከሰል ምድጃ ላይ ወደቀች። ቁስሉ ዳነ፣ እጇ ግን ተጨብጦ ቀረ። እናቷ «ጠባሳ ምን ይደረጋል» ብላ ስድስት ዓመት ተቀመጠች። ሕክምና እንዳለው የነገራት አልነበረም። በስንት ልመና አዲስ አበባ፣ የካቲት 12 ሆስፒታል ሄዳ ተሠራላት። አሁን እርሳስ ትይዛለች። ጽሑፏ የዶሮ ጭረት ነው፣ ግን ትጽፋለች።

ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃንም ያው ነው። እርግማን አይደለም፤ ይሰፋል፣ በነጻ የሚሠራበትም ጊዜ አለ። ከሐረር ወደ ባቢሌ ስትሄዱ ያለውን ቢሲዲሞን የምታውቁት ደግሞ አስቡት። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመ ነው። ያ በሽታ ቶሎ ካልታከመ አፍንጫ ያሰምጣል፣ ቅንድብ ያራግፋል፣ ጣት ያጣጥፋል። አፍንጫው የሰመጠ ሰው ልሠራው ቢል «ፈጣሪ የሰጠህን ተቀበል» ልትሉት ነው? የዘመኑ ሙያ ራሱ የጎለበተው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ ሐኪሙ ሃሮልድ ጊሊስ እንግሊዝ አገር ፊታቸው በጥይት የፈረሰ ወታደሮችን ሲጠግን።

አፍንጫዬ ሰፋ ብላ የምትሠራዋስ? እኔን ከጠየቃችሁኝ የራሷ ጉዳይ ነው። ሐኪሟን አውቃ፣ ጉዳቱን ሰምታ፣ በገንዘቧ ከሆነ ምን አገባኝ። እኔ አላደርገውም፤ አፍንጫዬ የአባቴ ነው፣ እወደዋለሁ። ግን እሷን አልሰድብም።

«መልክ መቀየር ከፈረንጅ የመጣ ነው»

አያቴ ድዷን ተነቅሳ ነበር። አንገቷ ላይ ደግሞ ሦስት ረድፍ ንቅሳት። በእሾህና በጥላሸት ነው የወጓት፤ ለሳምንት ምግብ አላላመጥኩም ትል ነበር። ቲክቶክ አይታ አልነበረም። ጀጎል ውስጥ ሰርግ ቤት ግቡና የሙሽራዋን ሒና እዩ። የሶማሌ እናቶች ፊታቸውን ቃሲል፣ ያን የቅጠል ዱቄት፣ ቀብተው ይቀመጣሉ። መዋብ የቆየ ነገራችን ነው፤ ያስቸገረኝ አዲሱ የክሬም ቱቦ ነው።

«ክሬም እኮ ነው፤ ምን ያደርጋል?»

እዚህ ላይ ታገሱኝ፣ ረዘም ይላል።

ማጥሪያ ብላችሁ የምትገዙት ነገር ውስጥ ብዙ ጊዜ ከሦስት አንዱ አለ። አንዱ ጠንካራ ስቴሮይድ ነው፣ የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ፤ በጣም የታወቀው ክሎቤታሶል። ይህ መድኃኒት ነው፣ ጥሩ መድኃኒት። በቆዳ ላይ ከሚቀቡ ስቴሮይዶች የመጨረሻው ኃይለኛ መደብ ውስጥ ነው። መመሪያው ከሁለት ሳምንት በላይ በተከታታይ አይቀባ፣ በሳምንት ከ50 ግራም አይለፍ፣ ፊት ላይ አይነካ ይላል። ደንበኞቼ ጠዋትና ማታ፣ ፊት ላይ፣ ለሦስት ዓመት።

የመጀመሪያው ወር ያማልላል። የደም ሥር ይጠባል፣ ቀለም የሚያመርቱት ሕዋሳት ይደክማሉ፣ ብጉሩ ይጠፋል። ጎረቤት «ጠራሽ! ፈካሽ!» ይላል። ከዚያ ቆዳው መሳሳት ይጀምራል። ሸንተረር ይወጣል። አገጭ ላይ ፀጉር ይበቅላል። የጠፋው ብጉር ወንድሞቹን ይዞ ይመለሳል።

«ከላይ ነው የሚቀባው፣ ደም ውስጥ አይገባም» የሚሉኝ አሉ። ይገባል። በፈረንጆቹ 1967 የታተመ ልኬት አለ፤ የክንድ ቆዳ አንድ እጅ የሚያሳልፈውን ግንባር ስድስት እጥፍ፣ የመንጋጋ ቆዳ አሥራ ሦስት እጥፍ ያሳልፋል። ለዓመታት ሰውነቷን ሙሉ የምትቀባ ሴት ስኳሯና የደም ግፊቷ ሊጨምር ይችላል። ያውም ማንም ሐኪም ክሬም ትቀቢያለሽ ወይ ብሎ አይጠይቃት፣ እሷም አፍራ አትናገር።

ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። በሐኪም እጅ፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ ለማድያት ይታዘዛል። ለዓመታት ሲቀባ ግን አንዳንዷን ይከዳታል፤ ጉንጯ ላይ ሰማያዊ ጥቁር ነገር ይተክልባታል። ያንን ለማጥፋት ብላ ጨምራ ትቀባለች፣ ይብስባታል። አውሮፓ ከመዋቢያ ዕቃ ውስጥ ካወጣው ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ደቡብ አፍሪካ በፈረንጆቹ 1990 ነው የከለከለችው። ክሬሙ ብርሃንና ሙቀት ሲነካው ቡናማ ይሆናል። የድሬ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ የዋለ ቱቦ ገዝታችሁ ከሆነ ክዳኑን ክፈቱና አፉን እዩት።

ሦስተኛው ሜርኩሪ ነው። ኩላሊት ይጎዳል፣ የፅንስ አንጎል ይጎዳል። በፎጣና በትራስ ወደ ልጅም ይተላለፋል። ሚናማታ የሚባለውን ስለ ሜርኩሪ የተደረገ ዓለም አቀፍ ስምምነት የተቀበሉ አገሮች ከፈረንጆቹ 2020 በኋላ ሜርኩሪ ያለበት ማጥሪያ ክሬም እንዳይመረት፣ እንዳይገባና እንዳይወጣ ተስማምተዋል። የማይጻፍበት ቱቦ ግን ስምምነት አያነብም። ስያሜ የሌለው፣ በትንሽ ጣሳ የሚሸጥ «ሚክስ» ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቀው የቀላቀለው ሰው ብቻ ነው። እሱም ማወቁን እንጃ።

እኔም ቀብቻለሁ። ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት እያለሁ አክስቴ ለወንድሜ ሰርግ «ትንሽ ጠራ በይ» ብላ ሰጠችኝ። ፋርማሲ እያጠናሁ! አራት ወር ቀባሁ። በሰርጉ ፎቶ ላይ የቀይ ዳማ ሆኜ ጥርሴን አሳይቻለሁ። ስተወው ፊቴ ሚጥሚጣ የተደፋበት ያህል ተቃጠለ። ሦስት ቀን ከቤት አልወጣሁም፤ ውሃ ሲነካኝ አለቅሳለሁ። አክስቴ ምን አለች? «አየሽ፣ ክሬሙ ጥሩ ነበር፣ ለምን ተውሽው?»

ይህ የአክስቴ አባባል ከሁሉም ይብስብኛል። ስታቆሙ የሚቃጠለው ፊታችሁ «ስለተላመደ» ነው ትላላችሁ፣ እውነት ነው፣ ግን ጫት የለመደ ሰው ሲያጣ እንደሚደብተው ነው። መደበቱ ጫቱን ቫይታሚን አያደርገውም።

አሁን ወደ ቢላዋው ልመለስ። ማዋለጃ ክፍል የምትሠራ ጓደኛ አለችኝ። ለዓመታት ክሬም ስትቀባ የኖረች እናት በቀዶ ጥገና ስትወልድ መስፋቱ ፈተና ነው ትለኛለች። ክሩ ሲሳብ ቆዳውን እንደ ረጠበ ወረቀት ይቀደዋል፤ ቁስሉም ቶሎ አይገጥምም። አፍንጫ መሠራትን የፈራች ሴት፣ ቢላዋ ነፍሷንና የልጇን ነፍስ ሊያድን ሲመጣ ቆዳዋን አስቀድማ ጨርሳዋለች።

ወንዶችም፣ ስለ እናንተ ዝም የምል እንዳይመስላችሁ። አንድ ባጃጅ ነጂ ብሽሽቱ ላይ ጭርት ወጥቶበት ስድስት ወር ሙሉ ያንኑ ኃይለኛ ክሬም ሲቀባ ነበር። ማሳከኩ ይቆማል፣ ፈንገሱ ግን ከሥር እየተስፋፋ ይሄዳል። ሲያሳየኝ ጭኑ አገር የተሣለበት ካርታ መስሏል።

ለወራት የቀባችሁ ካላችሁ ይህን አንብባችሁ ዛሬ ማታ ቱቦውን እንዳትወረውሩት። በድንገት ማቆም እንደኔ ያደርጋችኋል። ቱቦውን ይዛችሁ ቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ቀስ በቀስ ያስቆማችኋል። ለወሊድም ለሌላም ቀዶ ጥገና ስትገቡ እቀባ ነበር ብላችሁ ተናገሩ፤ ማፈሩ ይቆይላችሁ። ማድያት ያለባችሁ ደግሞ ፀሐዩን ካልከለላችሁ ምንም ብትቀቡ ይመለሳል። እርግዝናና የወሊድ መከላከያ ያመጡታል፣ ፀሐይ ያደምቀዋል። ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ከተገኘ ጥሩ፣ ካልተገኘ ጃንጥላ። ሻሽ ወደ ፊት ጎተት ማድረግም ያግዛል።

ለሐሙሷ ሴትዮ ክሬሙን አልሸጥኩላትም። ተቆጣች። «ሌላ ቦታ የማጣው መሰለሽ?» አለችኝ። አታጣም።

ትንሿ ግን ቅዳሜ ብቻዋን መጣች። ከቦርሳዋ በሶፍት የተጠቀለለ ቱቦ አወጣች። ሶፍቱን ፈትተን ጎኑ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አብረን አነበብን፤ ክሎቤታሶል ነው። «ስንት ጊዜሽ ነው?» አልኳት። ጣቷን መቁጠር ጀመረች፤ መሃል ላይ ተወችው።

«ከረመዳን በፊት ነው» አለች። «ከየትኛው ረመዳን አትበይኝ።»