ፀሐይና ዝናብ በአንድ ሰማይ፦ በቶኪዮ የታየው የደቡብ ምሥራቅ እስያ ሥነ ጥበብ

«ሰንሻወር፦ ከ1980ዎቹ እስከ ዛሬ ያለው የደቡብ ምሥራቅ እስያ የዘመኑ ሥነ ጥበብ» ከጁላይ 5 እስከ ኦክቶበር 23 ቀን 2017 ድረስ ቶኪዮ ውስጥ፣ ሮፖንጊ በተባለው ሰፈር በሚገኙ ሁለት ሙዚየሞች የቀረበ የጋራ ዐውደ ርዕይ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መነሻው የልደት በዓል ነበር፤ የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ማኅበር፣ በአሕጽሮት ኤሲያን፣ በዚያ ዓመት 50 ዓመት ሞልቶታል። በወቅቱ የማኅበሩ አባል ከነበሩት አሥር አገሮች የተውጣጡ 86 አርቲስቶችና ቡድኖች ወደ 190 የሚጠጉ ሥራዎችን አሳይተዋል።

የዐውደ ርዕዩ ስም ፀሐይ ወጥታ ሳለ የሚዘንበውን ዝናብ ይጠራል። እኛ አገር ልጆች «ጅብ ወለደች» እያሉ የሚጮሁበት ያ ሰዓት፣ በእነዚያ ሞቃታማና እርጥብ አገሮች የዘወትር ነገር ነው። አዘጋጆቹ ስሙን የመረጡት የክልሉን ዕጣ እንዲናገርላቸው ነው። ከቅኝ ግዛት መላቀቅና የእርስ በርስ እልቂት፣ የፋብሪካና የሕንፃ ብዛት፣ የወታደር አገዛዝም፣ ሁሉም በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ተደራርበው አልፈዋል።

የመንግሥታት ማኅበር ልደቱን ሲያከብር ሰንደቅ ዓላማ፣ የባህል ጭፈራና የዕድገት ቁጥር ማየት የተለመደ ነው። ሰንሻወር ለዚህ በዓል ይዞ የመጣው ግን አብዛኞቹ መንግሥታት ሊረሱት የሚመርጡትን ነው፦ የታሰረ እጅ፣ የተለወጠ ስም፣ የተከለከለ ጥበብ። ትልቅ የሚያሰኘውም ከሥራዎቹ ብዛት ይልቅ ይህ ድፍረቱ ነው።

ጃፓን ለምን?

የኤሲያን በዓል በጽሕፈት ቤቱ መቀመጫ በጃካርታ ወይም በትውልድ ከተማው በባንኮክ ሳይሆን በቶኪዮ ይህን ያህል መከበሩ የራሱ ታሪክ አለው። ማኅበሩን ኦገስት 8 ቀን 1967 ባንኮክ ላይ የመሠረቱት ኢንዶኔዥያ፣ ማሌዥያ፣ ፊሊፒንስ፣ ሲንጋፖርና ታይላንድ ናቸው። ብሩናይ በ1984፣ ቬትናም በ1995፣ ላኦስና ምያንማር በ1997፣ ካምቦዲያ በ1999 ተከተሉ። ከእነዚህ አብዛኞቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጃፓን ጦር የተያዙ ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ የጃፓን ኩባንያዎች በገፍ ሲገቡባቸው የድሮው ቁስል እንደገና አመረቀዘ። በጃንዋሪ 1974 የጃፓኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ካኩኤ ታናካ ጃካርታ ሲደርሱ የተቀበላቸው ሁከት ነበር፤ የጃፓን መኪኖችም ጎዳና ላይ ነደዱ።

ቶኪዮ ከዚያ የተማረችው ንግድ ብቻውን ወዳጅ እንደማያፈራ ነው። በ1977 ጠቅላይ ሚኒስትር ታኬኦ ፉኩዳ ማኒላ ላይ ባደረጉት ንግግር ጃፓን ዳግም ወታደራዊ ኃያል እንደማትሆንና ከክልሉ ሕዝቦች ጋር ልብ ለልብ የሚገናኝ ወዳጅነት እንደምትሻ አስታወቁ። በ1972 የተቋቋመው የባህል ልውውጥ ተቋም፣ የጃፓን ፋውንዴሽንም በ1990 የኤሲያን የባህል ማዕከልን ቶኪዮ ውስጥ ከፈተ፤ ማዕከሉ በ1995 ወደ እስያ ማዕከልነት ተሸጋገረ። በ2014 በዚሁ ስም እንደ አዲስ የተደራጀው የእስያ ማዕከል ከሰንሻወር አዘጋጆች አንዱ ሆኗል።

በደቡብ ጃፓን ደግሞ የፉኩኦካ ከተማ ከሁሉም ቀድማ ነበር። የከተማዋ የሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1979 ሥራውን የጀመረው በእስያ ሥነ ጥበብ ትርኢት ሲሆን፣ በ1999 ለዘመናዊውና ለዘመኑ የእስያ ሥነ ጥበብ ብቻ የቆመ ሙዚየም ተከፈተ። በክልሉ ውስጥ የዘመኑን ጥበብ የሚሰበስብ የመንግሥት ተቋም እምብዛም ባልነበረበት ጊዜ (የሲንጋፖር ሥነ ጥበብ ሙዚየም እንኳ የተከፈተው በ1996 ነው) ፉኩኦካ ሥራዎቹን ትገዛና ታስቀምጥ ነበር። አንድ የኢንዶኔዥያ አርቲስት ስለ አገሩ የሠራውን ለማየት ወደ ጃፓን ደሴት መሻገር ማስፈለጉ ያሳዝናል። ቢሆንም የኢንዶኔዥያው ወታደራዊ ገዥ የሱሃርቶ አገዛዝ በሚከታተለው አገር ውስጥ እነዚህን ሥራዎች በክብር የሚያኖር ቤት ከየት ይመጣል? ፉኩኦካ ያደረገችው ውለታ ነው።

ሁለቱ ቤቶች

የብሔራዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል፣ ቶኪዮ፣ በጃንዋሪ 2007 የተከፈተ ነው፤ ስለዚህ እሱም በዚያው ዓመት አሥረኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። አርክቴክቱ ኪሾ ኩሮካዋ የፊት ለፊቱን መስተዋት እንደ ማዕበል አጥፎታል። ማዕከሉ የራሱ ቋሚ ስብስብ የለውም፤ ያለው 14,000 ካሬ ሜትር የሚያህል የማሳያ ቦታ ነው። በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቆ የሚገኘው የሞሪ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ደግሞ በ2003 የተከፈተ የግል ሙዚየም ሲሆን፣ በአንድ የንግድ ሕንፃ 53ኛ ፎቅ ላይ ተቀምጧል። ሙዚየሙ በ2015 የቬትናሙን ተወላጅ ዲን ኪው ሌን ሥራዎች ለብቻቸው በማቅረብ ከክልሉ ጋር የቀረበ ትውውቅ ነበረው።

በወቅቱ የሞሪ ዋና ኪዩሬተር (የትርኢት መራጭና አዘጋጅ) የነበሩት ማሚ ካታኦካ ከሁለቱ ሙዚየሞች፣ ከጃፓን ፋውንዴሽንና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ከመጡ ወጣት ኪዩሬተሮች ጋር ሆነው ሥራውን መርተዋል። ቡድኑ ከከተማ ከተማ እየዞረ አርቲስቶችን በየሥራ ቦታቸው አነጋገረ። ከዚያ የተገኘው በዘጠኝ ርዕሶች ተከፈለ፤ ከነዚህም መካከል «የሚናወጥ ዓለም»፣ «ስሜትና አብዮት»፣ «ዕድገትና የጠፋው»፣ «ከታሪክ ጋር ውይይት» ይገኛሉ።

በአገር አለመከፈሉ ትክክለኛ ውሳኔ ይመስለኛል። በአገር ቢከፈል ኖሮ ኢንዶኔዥያ አዳራሹን ትሞላው፣ ብሩናይና ላኦስ ጥግ ይዘው ይቀሩ ነበር። በዚህ አደረጃጀት የአንዱ አገር ጥያቄ ከሌላው አገር ጥያቄ አጠገብ ቆመ። ጉዳትም ነበረው፤ ሱሃርቶ ማን እንደነበሩ ወይም ክመር ሩዥ የተባሉት ኮሚኒስቶች በካምቦዲያ ምን እንዳደረጉ የማያውቅ ተመልካች ከአንዱ መንግሥት ግፍ ወደ ሌላው በአንድ ርምጃ ሲሻገር የየትኛው ታሪክ ውስጥ እንዳለ ይጠፋበታል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አጭር መግለጫ ያንን ክፍተት አይሞላም።

የታሰረው እጅ

ኤፍ ኤክስ ሃርሶኖ በ1949 ጃቫ ውስጥ የተወለደ ኢንዶኔዥያዊ ነው። በ1975 የተነሣውን የአዲስ ሥነ ጥበብ ንቅናቄ ከመሠረቱት ወጣቶች አንዱ ነበር፤ እነዚህ ወጣቶች የአካዳሚውን የተዋበ ሥዕል ትተው ከገበያና ከጎዳና የሚያገኙትን ዕቃ ወደ ጋለሪ አስገቡ። በ1993 እና 1994 የሠራው «ድምፅ አልባ ድምፅ / ምልክት» ዘጠኝ ትልልቅ ሸራዎች አሉት። በእያንዳንዱ ላይ በምልክት ቋንቋ አንድ ፊደል የሚያሳይ እጅ ታትሟል፤ ሲነበቡ በኢንዶኔዥያ ቋንቋ «ዴሞክራሲ» ይላሉ። የመጨረሻው እጅ በገመድ ታስሯል። በየሸራው ፊት የጎማ ማኅተም ተቀምጦ ስለነበር ተመልካቹ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ወረቀት ላይ እያተመ ቃሉን ራሱ መጻፍ ይችላል። ሱሃርቶ ከሥልጣን የወረዱት በሜይ 1998 መሆኑን ያስተዋለ፣ ይህ ሥራ በተሠራበት ጊዜ ማኅተሙን ማንሳት ምን ዓይነት ጉዳይ እንደነበር ይገባዋል። ሥራው ዛሬ በፉኩኦካ የእስያ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ነው።

ሃርሶኖ በትውልዱ ቻይናዊ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ የሱሃርቶ መንግሥት ቻይናውያን ዜጎች ስማቸውን ኢንዶኔዥያዊ እንዲያደርጉ ሲገፋፋ እሱም ኦህ ሆንግ ቡን የሚለውን ስሙን ትቷል። በ2011 በሠራው ቪዲዮ ከመስተዋት ፊት ተቀምጦ ያንን የድሮ ስሙን በብሩሽና በቀለም ደጋግሞ ይጽፋል፤ ከላይ የሚወርደው ውኃ የጻፈውን ያጥበዋል። ቀለሙ ወለሉ ላይ ሲንጠባጠብ እሱ መጻፉን አያቆምም።

ቢጫው ሰው እና የባቄላ ቡቃያ

በእነዚህ ዓመታት የሲንጋፖር ታሪክ እንደ ኢንዶኔዥያ ደም የፈሰሰበት አይደለም፤ ክልከላው ግን ክልከላ ነው። ታንግ ዳ ዉ በ1988 ከከተማው ወጣ ባለ የገጠር ሥፍራ «የአርቲስቶች መንደር» የተሰኘውን ኅብረት መሠረተ። ሊ ዌን እና አማንዳ ሄንግ የዚያ ኅብረት ሰዎች ናቸው። ሊ ዌን በ1992 ለንደን ተማሪ ሳለ ሰውነቱን በደማቅ ቢጫ ቀለም ለቅልቆ በሰው ፊት መታየት ጀመረ። እስያዊ በሄደበት «ቢጫ» ተብሎ የሚጠራበትን ስድብ ቆዳው ላይ አጉልቶ መለሰው። የ«ቢጫው ሰው ጉዞ» በብዙ አገሮች ለዓመታት ቀጥሎ ከክልሉ ክዋኔ ጥበብ (አርቲስቱ ራሱ በሰው ፊት በአካሉ ከሚያቀርበው ጥበብ) ስመ ጥር ሥራዎች አንዱ ሆነ።

የአማንዳ ሄንግ «እስቲ እንጫወት» በ1996 የተጀመረ ሲሆን ጸጥ ያለ ነው። ጠረጴዛ ይቀርባል፣ ሻይ ይቀዳል፤ አርቲስቷ ከተመልካቾች ጋር ተቀምጣ የባቄላ ቡቃያ ጭራ እየቀነጠሰች ታወራለች። ይህ የሲንጋፖር እናቶችና ጎረቤቶች ኩሽና ውስጥ ሲያደርጉት የኖሩት፣ ፎቅ ቤቱና ፈጣን ኑሮው ግን ያስተወው ነው። ቡና ላይ ተሰብስቦ ሽንኩርት እየላጠ ያደገ አንባቢ ይህን ሥራ ለመረዳት አስረጂ አያስፈልገውም።

በ1994 መጀመሪያ የሲንጋፖር መንግሥት ከአንድ የክዋኔ ትርኢት በኋላ ለዚህ የጥበብ ዘርፍ የሚሰጠውን የገንዘብ ድጋፍ አቆመ፤ እገዳው የተነሣው በ2003 ነው። አማንዳ ሄንግ ጠረጴዛዋን የዘረጋችው እንግዲህ በእገዳው ዘመን መሆኑ ነው። ያው መንግሥት ለሊ ዌን በ2005፣ ለእሷ ደግሞ በ2010 የአገሪቱን ከፍተኛ የባህል ሽልማት ሰጥቷል።

ተመልካቹን ቀጥታ ወደ ሥራው የሚያስገቡ ሌሎችም ነበሩ። የታይላንዱ ሱራሲ ኩሶልዎንግ አንዱን ክፍል ከፋብሪካ በተረፈ ባለ ብዙ ቀለም ክር ሞልቶ ውስጡ የወርቅ ሐብል ቀበረ፤ ፈልጎ ያገኘ ይወስዳል። ሰዎች ክሩ ውስጥ ተንበርክከው ሲበረብሩ ማየት ስለ ክልሉ ምጣኔ ሀብት ብዙ ይናገራል። የፊሊፒንሱ ፌሊክስ ባኮሎር በነፋስ የሚንሿሹ ቃጭሎችን በብዛት ሰቅሎ አውሎ ነፋስ የለመደውን የአገሩን ድምፅ አመጣ። በ2010 የካን ፌስቲቫልን የወርቅ ዘንባባ ያሸነፈው ታይላንዳዊው የፊልም ሠሪ አፒቻትፖንግ ዌራሴታኩን ደግሞ ከቻይ ሲሪስ ጋር ሆኖ ሞሪ ውስጥ አንድ ግዙፍ ዝሆን ከጣሪያ አንጠለጠለ።

ራሳቸው የሠሯቸው ቤቶች

በዐውደ ርዕዩ ከቀረቡት ርዕሶች አንዱ «መዝገብ ማኖር» ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በክልሉ ብዙ አገሮች የዘመኑን ሥነ ጥበብ ታሪክ ያቆዩት አርቲስቶቹ ራሳቸው ናቸው። ዮግያካርታ ውስጥ ሜላ ያርስማ እና ኒንዲትዮ አዲፑርኖሞ በ1988 ሴሜቲ የተባለውን ጋለሪ ከፈቱ። ጃካርታ ውስጥ በ2000 ሩዋንግሩፓ ተቋቋመ፤ ይህ ቡድን በ2022 በጀርመን ካሰል የሚካሄደውን ዶኩሜንታ የተባለ ትልቅ የሥነ ጥበብ ትርኢት 15ኛ ዝግጅት እስከ መምራት ደርሷል። ዲን ኪው ሌ ከጓደኞቹ ጋር በ2007 ሆ ቺ ሚን ከተማ ውስጥ ሳን አርትን መሠረተ።

የካምቦዲያው ከሁሉም ይለያል። በ1975 እና 1979 መካከል ክመር ሩዦች ከአገሪቱ ሕዝብ 1.7 ሚሊዮን ያህሉን ሲያጠፉ ከአርቲስቶቹም አብዛኞቹ አለቁ፤ ቀጣዩ ትውልድ የሚያስተምረው አጣ። በ2007 የተሰባሰቡ ወጣት ፎቶግራፈሮችና ሠዓሊዎች፣ ቫንዲ ራታና፣ ክቫይ ሳምናንግና ሊም ሶክቻንሊና ከነዚህ መካከል ናቸው፣ በ2010 ፕኖም ፔን ውስጥ «ነጩ ሕንፃ» በሚባለው የ1960ዎቹ የጋራ መኖሪያ ውስጥ አንዲት ክፍል ይዘው ለነዋሪው ልጆች ማስተማር ጀመሩ። ሰንሻወር ቶኪዮ ላይ በሚታይበት በዚያው 2017 ሕንፃው ፈረሰ፤ ነዋሪዎቹም ተበተኑ። «ዕድገትና የጠፋው» የሚለው ርዕስ ለእነሱ ርዕስ ብቻ አልነበረም።

ከቶኪዮ በኋላ

ዐውደ ርዕዩ ከኖቬምበር 3 እስከ ዲሴምበር 25 ቀን 2017 በፉኩኦካ የእስያ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ በ2019 ደግሞ በታይዋን ካኦህሲዩንግ ከተማ ቀርቧል። ሊ ዌን በማርች 2019፣ ዲን ኪው ሌ በ2024 አርፈዋል። የምያንማር አርቲስቶች ከፌብሩዋሪ 2021 መፈንቅለ መንግሥት ወዲህ አንዳንዶቹ ታስረዋል፣ አንዳንዶቹ ተሰደዋል።

ክልሉን በማኅበሩ አባልነት መለካት አንድ አገር ደጅ ላይ አስቀርቷል። ከ1975 እስከ 1999 በኢንዶኔዥያ ጦር የተያዘችው፣ በ2002 ነፃ አገር የሆነችው ቲሞር-ሌስቴ በ2017 የኤሲያን አባል ስላልነበረች ከአሥሩ አገሮች ዝርዝር ውስጥ አልገባችም። በዋና ከተማዋ ዲሊ ግን ከ2003 ጀምሮ አርቴ ሞሪስ የተባለ ነፃ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወጣት ሠዓሊዎችን ያፈራ ነበር። በ2021 መጨረሻ መንግሥት ትምህርት ቤቱን ከግቢው አስወጣው። አገሪቱ ማኅበሩን 11ኛ አባል ሆና የተቀላቀለችው በኦክቶበር 2025 ነው።