የ5ጂ ዝግጁነት ምንድን ነው? ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች

«ለ5ጂ (ለአምስተኛው ትውልድ የሞባይል ኔትወርክ) ዝግጁ ነን» የሚል መሥሪያ ቤት ብዙውን ጊዜ አዲስ ስልክና አዲስ ሞደም ገዝቷል ማለት ነው። ዝግጁነት ግን እሱ አይደለም። አንድ የመንግሥት ተቋም አዲሱ ኔትወርክ ሲመጣ ምን እንደሚጠቅመው፣ አሮጌው ሲዘጋ ደግሞ ምን እንደሚቆምበት ቀድሞ አውቆ በጀቱንና ውሎቹን በዚያ ልክ ሲያስተካክል ነው ዝግጁ የሚባለው። ሁሌም የሚረሳው ሁለተኛው ነገር ነው።

አሮጌው ለምን ይዘጋል? የሬዲዮ ሞገድ ውስን ስለሆነ። የቴሌኮም ኦፕሬተሮች 3ጂና 2ጂን ሲያጠፉ ሞገዱን ለ4ጂና ለ5ጂ ያውሉታል። አሜሪካ ውስጥ ኤቲ ኤንድ ቲ 3ጂን እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2022 ዘጋ፣ ቬራይዘንም በዚያው ዓመት መጨረሻ ተከተለው። እንግሊዝ ውስጥ መንግሥትና ኦፕሬተሮቹ 2ጂም 3ጂም እስከ እ.ኤ.አ. 2033 ድረስ እንዲያበቁ ተስማምተዋል። ስልክ መቀየር ቀላል ነው። ከባዱ ማንም የማያያቸው ሲም ካርዶች ናቸው፤ የእሳት ማንቂያው ውስጥ ያለው፣ ሊፍት ውስጥ ለተዘጋበት ሰው የሚደውለው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ሲወድቁ ተጭነው እርዳታ የሚጠሩበት መሣሪያ ውስጥ ያለው። እነዚህ ኔትወርካቸው ሲጠፋ ድምፅ አያሰሙም። ዝም ነው የሚሉት፤ የሚታወቀውም አደጋ ሲደርስ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቆጠራ ነው። የትኛው መሣሪያ፣ የት፣ በየትኛው ትውልድ ኔትወርክ እንደሚሠራ፣ ሂሳቡን ማን እንደሚከፍል፣ ውሉ መቼ እንደሚያልቅ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ይህን ዝርዝር መሙላት ያልቻለ መሥሪያ ቤት ስለ ስማርት ከተማ ለማውራት ገና ነው ባይ ነኝ። አይሲቲ ክፍሉን ብቻ መጠየቅም አይበቃም። እነሱ የሚያውቁት ኮምፒውተሩንና ሰርቨሩን ነው፣ የሊፍቱ ሲም ደግሞ በጥገና ድርጅቱ ስም ሊሆን ይችላል። ፋይናንስ ጋ ሄዶ በየወሩ የሚከፈለውን የቴሌ ሂሳብ መስመር በመስመር ማየት ይሻላል።

ቀጥሎ ሕንፃና ምሰሶ። 5ጂ በብዛት የሚጠቀመው 3.5 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለው ሞገድ ብዙ መረጃ ይሸከማል፣ ግን ሩቅ አይሄድም፣ ወፍራም ግድግዳም ያዳክመዋል። ደጅ ላይ የሚበር 5ጂ የሆስፒታሉ ምድር ቤት ላይደርስ ይችላል፤ የቤት ውስጥ አንቴና ያስፈልጋል። ውጪም ቢሆን አንቴናዎቹ በየቅርቡ መተከል አለባቸው፣ ለዚያ የሚመቹት ጣሪያዎችና የመንገድ መብራት ምሰሶዎች ደግሞ አብዛኛዎቹ የመንግሥት ናቸው። ኦፕሬተሩ ሲጠይቅ ምሰሶው የማን እንደሆነ፣ መብራት እንዳለው፣ የአንቴናውን ክብደት እንደሚችል የሚመልስ ሰው ከሌለ ፈቃዱ ወራት ይፈጃል።

ስለ ኔትወርክ ስላይሲንግም ትሰሙ ይሆናል። አንዱን ኔትወርክ በሶፍትዌር ከፋፍሎ ለምሳሌ ለአምቡላንስ የራሱን ድርሻ መስጠት ነው። በጣም ጠቃሚ ነው። ግን ብዙ የ5ጂ ኔትወርኮች ሲጀምሩ በ4ጂ ማዕከል (ኔትወርኩን በሚመራው ዋና ክፍል) ላይ ተደግፈው ነው፣ ስላይሲንግ ደግሞ ራሱን የቻለ የ5ጂ ማዕከል ይፈልጋል። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ኦፕሬተሩ ይህ ማዕከል እንዳለው ጠይቁ።

እኛም ጋ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም ግንቦት 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 5ጂን በሙከራ ጀምሯል። በሌላ በኩል የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኖች ለገቢዎች ሪፖርት እንዲልኩ የተሠሩት በጂፒአርኤስ፣ ማለትም በ2ጂ ነው። 2ጂ ዛሬ ይሠራል። ነገር ግን ዛሬ የሚገዛ መሣሪያ አሥር ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ ስለዚህ ሲም የሚገባበት ማንኛውም ዕቃ ሲገዛ «ቢያንስ በ4ጂ የሚሠራ» የምትለዋ መስመር ከአሁኑ ጨረታ ሰነዱ ውስጥ ትግባ።