የራዲዮ ትረካ ካሴቶች፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ የአድማጮች የማቆየት ሥራ

የራዲዮ ትረካ ካሴቶችን ማቆየት ማለት፣ አድማጮች በየቤታቸው ከራዲዮ የቀዷቸውን የመጻሕፍት ትረካዎች ሰብስበው፣ ጠግነውና ወደ ዲጂታል ፋይል ገልብጠው ለሌላ አድማጭ የሚያስተላልፉበት፣ በአብዛኛው ክፍያ የሌለው የፍቅር ሥራ ነው። በአቃቂ ቃሊቲ፣ በጀሞ፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱና እነሱን በመሰሉ የከተማዋ ዳርቻ ሰፈሮች ሥራው የራሱ መልክ አለው። ከሁሉ ይልቅ የሚፈለገውም ድምፅ የተዋናዩ የወጋየሁ ንጋቱ ነው።

ወጋየሁ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ራዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ተርኮታል። የመድረክ ሰው ስለነበረ መጽሐፉን ከማንበብ አልፎ ተጫውቶታል፤ የፊታውራሪ መሸሻ ቁጣ፣ የጉዱ ካሳ ሙግት፣ የሰብለ ወንጌል ሐዘን ከአንድ ጉሮሮ ቢወጡም አድማጭ ማን እንደሚናገር ለመለየት ስም መጠበቅ አያስፈልገውም። ልብ ወለዱን ገልጦ የማያውቅ ሰው እንኳ ጉዱ ካሳን በወጋየሁ ድምፅ ያውቀዋል። ዛሬ በኤፍ ኤም ጣቢያዎች የሚቀርቡ ትረካዎችም የሚመዘኑት፣ ተራኪዎቹ ወደዱም ጠሉም፣ በዚህ ድምፅ ነው።

ሥራው በዳርቻው መበርታቱ ምክንያት አለው። የአገሪቱ የመጀመሪያ የራዲዮ ማሰራጫ በ1927 ዓ.ም. የተመረቀው በአቃቂ ነበር፤ ለካሴቶቹ ግን የበለጠ የሚመለከታቸው የቅርቡ ታሪክ ነው። የመሀል ከተማ ሰፈሮች ሲፈርሱና ነዋሪው ወደ ኮንዶሚኒየም ሲወጣ፣ ከአልጋ ሥር በካርቶን ተቀምጦ የኖረው ሁሉ መመርመር ነበረበት። ባለ አንድ መኝታ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ለካሴት ሳጥን ቦታ አይተርፍም፤ ማጫወቻውም ከተበላሸ ቆይቷል። ስለዚህ ሳጥኑ ወይ ለቆራሌው ይሰጣል፣ ወይ በልዋጭ በፕላስቲክ ሳፋ ይለወጣል፣ ወይም «ይህን የሚሰበስብ ሰው አለ» የሚል ጎረቤት ይደርስለታል። በእኔ እምነት ከመጠገኑም ከመገልበጡም በፊት የሚቀድመው ትልቁ የማቆየት ሥራ ይህ የጎረቤት ቃል ነው።

የቤት ቅጂ ዋጋ የሚኖረው ጣቢያዎች ሁሉን ስለማያስቀምጡ ነው። ጥቅልል ቴፕ ውድ በነበረበት ዘመን በአንዱ ላይ ደጋግሞ መቅዳት በብዙ አገሮች የተለመደ የራዲዮ አሠራር ነበር። አድማጩ ግን ራዲዮና ካሴት በአንድ ላይ ባለው ቴፑ ከትረካው ጋር የዝግጅቱን መግቢያ፣ የአስተዋዋቂውን ቃል፣ አንዳንዴም የራሱን ቤት ድምፅ ቀድቷል።

ካሴቱ በእጅ ሲገባ ወዲያው ማጫወቻ ውስጥ አይከተትም። በመጀመሪያ ቢክ እስክሪብቶ በቀዳዳው ገብቶ የላላው ክር ቀስ ተብሎ ይጠቀለላል። ቴፑን ከማጫወቻው ሄድ (ድምፁን ከቴፑ ከሚያነበው ክፍል) ጋር የምታስጠጋው ትንሿ ስፖንጅ ሙጫዋ ደርቆ ወድቃ ከሆነ፣ ከሌላ ዋጋ ከሌለው ካሴት ተነቅላ ትተካለች። ሄዱም በአልኮል በተነከረ ጥጥ ይጠረጋል። የ90 ደቂቃ ካሴት ክሩ ከ60 ደቂቃው ስለሚሳሳ ማጫወቻው «የሚበላው» እሱን ነው፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ማጠንጠኑ በእጅ ቢሆን ይመረጣል። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር እንዲጓዝ የተሠራ ነው። የባትሪ ድንጋይ ሲደክም የተቀዳ ከሆነ ግን በቀረጻው ጊዜ ቀስ ብሎ ስለተጓዘ፣ ዛሬ በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት የወጋየሁ ድምፅ ይቀጥናል፣ ይጣደፋልም። በመብራት ተቀድቶ ከሥር የ50 ኸርዝ የኤሌክትሪክ ድምፅ ከተሰማበት፣ ያ ድምፅ ራሱ ፍጥነቱን ማስተካከያ መለኪያ ይሆናል፤ ልክ 50 ላይ ሲያርፍ ፍጥነቱ ትክክል ነው ማለት ነው።

ወደ ዲጂታል ሲገለበጥ ጥንቁቆቹ በከፍተኛ ጥራት፣ በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት፣ ያለ ምንም ማጥራት ያስቀምጡታል፤ በአንድ መስመር (ሞኖ) ድምፅ አንድ ሰዓት ወደ 520 ሜጋ ባይት ይወስዳል። በቴሌግራም የሚዞረው በ64 ኪሎ ቢት የተጨመቀው ግን ከ30 ሜጋ ባይት አይበልጥም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። አሳዛኙ ነገር ብዙ ሰው ሁለተኛውን ብቻ አስቀርቶ ካሴቱን መጣሉ ነው። ጫጫታውን በሶፍትዌር አጥፍቶ ዋናውን አለማስቀመጥም እንደዚያው ነው፤ የማጣሪያው መሣሪያ ከጫጫታው ጋር የተራኪውን ትንፋሽ ይወስዳልና።

ከድምፁ ያልተናነሰ ችግር ያለው በመለያው ላይ ነው። የካሴቱ ወረቀት ብዙ ጊዜ «ፍ.እ.መ. 7ኛ» ወይም «ማክሰኞ ማታ» ከማለት አያልፍም፤ ዓመት የለውም። ፋይሉን ኢንተርኔት ላይ የሚጭነው ሰው ደግሞ የጫነበትን ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ይጽፋል፣ ቀጣዩ ያንን የስርጭት ዓመት አድርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ ተራኪው፣ ደራሲው፣ ዝግጅቱ፣ ካሴቱ የተገኘበት ቤትና የተገለበጠበት ቀን ለየብቻ መጻፍ አለባቸው፤ ቀኑም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መገለጽ ይኖርበታል።

ሕጉም የሚታለፍ አይደለም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይጸናል፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው። የተራኪውም ሥራ በዚሁ አዋጅ ጥበቃ ያለው ነው። ቤት ውስጥ ጠብቆ ማቆየትና ለሕዝብ ማሰራጨት አንድ ባለመሆናቸው፣ ሳያስፈቅዱ ትረካውን ለማስታወቂያ ገቢ የሚጭኑ ሰዎች ሥራውን ይጎዱታል።

አንድ ትረካ ከአንድ ካሴት ብቻ ሙሉ ሆኖ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። የ60 ደቂቃ ካሴት በ30ኛው ደቂቃ፣ የ90ው በ45ኛው ይቆማል፤ ቀጂው ተነሥቶ ወደ ሌላኛው ገጽ እስኪያዞረው ድረስ ያለው ንባብ አይገኝም። ሰብሳቢዎቹ ያንኑ ምዕራፍ ከሁለት ቤት ካገኙ ግን ክፍተቶቹ የሚወድቁት በተለያየ ቦታ ስለሚሆን፣ አንደኛው ቤት ካሴት ሲያዞር ያመለጠው ዐረፍተ ነገር ከሌላኛው ይገኛል፤ መጽሐፉ ተገልጦ ቃል በቃል እየተያየ ሁለቱ ድምፆች ይጋጠማሉ፣ መጋጠሚያውም ደቂቃና ሰከንዱ ተጽፎ ከፋይሉ ጋር ይቀመጣል።