ጋድ አንቲቦዲ ምንድን ነው?

አንድ የ38 ዓመት ሰው እናስብ። ቀጭን ነው። ዘንድሮ ቀበቶው ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ አስበስቷል። ሌሊት ለሽንት ሦስት አራቴ ይነሳል፤ የውሃ ጆግ ከራስጌው አይለይም። የጾም ስኳሩ ሲለካ ከ200 በላይ ሆነ። ጎልማሳ ስለሆነ «በብዛት አዋቂዎችን የሚይዘው ዓይነት 2 ስኳር ነው» ተባለና ሜትፎርሚን የሚባል ክኒን ተጀመረለት። መጀመሪያ ስኳሩ ወረድ አለ። ዓመት ሳይሞላ ግን ክኒን እየተጨመረለትም አሻቀበ። ቤተሰቡ «ተደብቀህ ጣፋጭ ትበላለህ» ይለዋል። እሱ ሻይ እንኳ ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው።

እንዲህ ያለውን ሰው ከመውቀስ በፊት አንድ የደም ምርመራ አለ፤ የጋድ አንቲቦዲ ምርመራ።

አንቲቦዲ ሰውነታችን ጀርሞችን ለመዋጋት የሚሠራው ፕሮቲን ነው። አንዳንዴ የመከላከያው ሥርዓት ይሳሳትና የገዛ አካሉን እንደ ባዕድ ያያል። ጋድ ደግሞ ኢንሱሊን በሚያመርቱት የቆሽት ቤታ ሴሎች ውስጥ የሚገኝ ኤንዛይም ነው፤ የጋድ አንቲቦዲ በእሱ ላይ የሚነሳው ነው። በኢንሱሊንና በሌሎች የቆሽት ፕሮቲኖች ላይ የሚነሱ አንቲቦዲዎችም አሉ፤ በአዋቂዎች ላይ በብዛት የሚገኘው ግን የጋዱ ነው።

ሰው ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ» ይላል። እዚህ በእርግጥም የሚያርረው ቆሽት ነው። ሴሎቹን የሚገድሉት በዋናነት ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። አንቲቦዲው እንደ ጭሱ ነው፤ ጭስ ያየ ሰው እሳት አለ ብሎ ይጠረጥራል።

የመከላከያው ሥርዓት ቆሽትን ሲያጠቃ የሚመጣው ስኳር ዓይነት 1 ይባላል። በልጆች ላይ እሳቱ ብዙ ጊዜ ፈጣን ነው። በጎልማሶች ላይ ግን ለዓመታት ሊያዘግም ይችላል። ለዚህ ቀርፋፋ ዓይነት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ላዳ የሚል ስም ወጣለት። ላዳ ታክሲን ለሚያውቅ ስሙን መያዝ አይከብድም። በእንግሊዝ በተደረገው ትልቅ የስኳር ጥናት፣ ዓይነት 2 ከተባሉት ከመቶው 10 ያህሉ የጋድ አንቲቦዲ ተገኝቶባቸዋል። ዕድሜያቸው ከ35 በታች ከሆኑት መካከል አንቲቦዲው ካለባቸው 84 ከመቶው በ6 ዓመት ውስጥ ኢንሱሊን አስፈልጓቸዋል። ከሌለባቸው ግን 14 ከመቶው ብቻ። ልዩነቱ ያስደነግጣል። ጉዳዩ የፈረንጅ ብቻም አይደለም፤ ጎንደር አካባቢ በተደረገ ጥናት ዓይነት 1 ስኳር ባለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ እነዚህ አንቲቦዲዎች ታይተዋል።

ጤነኛ ሰው ላይ ቢገኝስ? አንድ አንቲቦዲ ብቻ፣ በተለይ በዝቅተኛ መጠን፣ ስኳር መያዙ አይቀርም ማለት አይደለም። ምርመራው መደገም አለበት። ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆን ነገሩ ይለያል። በልጆች ላይ በተደረገ ክትትል ሁለትና ከዚያ በላይ ከነበረባቸው 70 ከመቶ ያህሉ በ10 ዓመት ውስጥ ታመዋል፤ አንድ ብቻ ከነበረባቸው 15 ከመቶ ያህሉ። በአዋቂዎች ላይ ሂደቱ ዘገም ይላል፤ ክትትሉ ግን አይቀርም።

ወደ ሰውዬው እንመለስ። አንቲቦዲው ከተገኘበት ሐኪሙ ሲ-ፔፕታይድ የሚባል ምርመራ ሊጨምር ይችላል፤ ቆሽቱ አሁንም ምን ያህል ኢንሱሊን እንደሚያመርት ያሳያል። የደከመውን ቆሽት እየገፋ የሚያሠራው ግሊቤንክላማይድ የተባለው ክኒን ለእሱ አይመከርም። ሲ-ፔፕታይዱ በጣም ወርዶ ከተገኘ ኢንሱሊን ይጀመርለታል፤ ከዚያ በኋላ በራሱ ፈቃድ ማቆም ለሕይወት ያሰጋዋል። ቤተሰቡም ያን የጣፋጭ ጥያቄ ይተውለት።