«እንደ ወንድ ብትዋጋ ኖሮ እንደ ውሻ አትሰቀልም ነበር»

ስለ ባሕር ወንበዴዎች የሚያነብ ሰው ይህን ንግግር ሳያገኝ አያልፍም። ተናጋሪዋ አን ቦኒ ናት ይባላል። የተነገረው ለጆን ራክሃም ነው፤ «ካሊኮ ጃክ» እያሉ የሚጠሩት፣ አለቃዋም ፍቅረኛዋም ለነበረው ሰው። በኖቬምበር 1720 (እ.ኤ.አ.) ጃማይካ ውስጥ በሚሰቀልበት ቀን እንዲያያት ተፈቀደለት። እሷም እዚህ ሆነህ ሳይህ አዝናለሁ ካለችው በኋላ ይህን ጨመረችበት።

ፈርቶ እጁን የሰጠ ሰው፣ የሸሸው ሞት ከነውርደቱ ሲያገኘው የሚባል ነገር ነው። ሐዘኔታ የለበትም፤ ቁርጥ ያለ ወቀሳ ነው። እኛ ጋ «ከመሞት መሰንበት» ይባላል። ራክሃምም እጁን ሲሰጥ ያሰበው ይህንኑ ይመስለኛል። የሰነበተው ግን አንድ ወር ያህል ብቻ ነው። ከሰቀሉት በኋላም ሬሳውን ፖርት ሮያል አጠገብ ባለች ትንሽ ደሴት ላይ አንጠለጠሉት፤ የሚያልፍ መርከበኛ ሁሉ አይቶ እንዲቀጣ።

ነገሩ የተጀመረው በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ነው። ራክሃም፣ አን ቦኒ፣ ሜሪ ሪድና ጥቂት ወንዶች ከናሳው ወደብ አንዲት ትንሽ ባለ ሸራ መርከብ ሰርቀው ወጡ። የባሃማስ ገዥ ዉድስ ሮጀርስ ወዲያው አዋጅ አስነገረ፤ የሁለቱም ሴቶች ስም በአዋጁ ላይ አለ። ስለዚህ ወንድ መስለው ተደብቀው ኖሩ የሚለው ተረት ብዙ አያስኬድም።

በኦክቶበር ጆናታን ባርኔት የሚባል መርከበኛ ማታ ደረሰባቸው። አፈ ታሪኩ ወንዶቹ ጠጥተው ከታች ተሸሸጉ፣ ከላይ ቆመው የተዋጉት ሁለቱ ሴቶች ናቸው ይላል። የችሎቱ መዝገብ አጭር ነው። ባርኔት በንጉሡ ስም እጅ ስጡ አለ፤ አንሰጥም አሉና በትንሽ መድፍ ተኮሱ። እሱም አጸፋውን ሲለቅባቸው ምሕረት ለመኑ።

ንግግሩም ቢሆን 1721 በታተመው የችሎቱ መዝገብ ውስጥ የለም። የምናገኘው በ1724 ለንደን ውስጥ ካፒቴን ቻርልስ ጆንሰን በሚል ስም በወጣው የወንበዴዎች ታሪክ መጽሐፍ ነው። እኔ ደራሲው ራሱ ያሳመረው ነው ባይ ነኝ። ከባዶ ተነሥቶ ግን አልጻፈውም። ዶሮቲ ቶማስ የሰጠችውን ምስክርነት ተመልከቱ። ይህች ሴት ስንቅ በጫነች ታንኳ ላይ ሳለች ነው የዘረፏት። ሁለቱ ሴቶች የወንድ ጃኬትና ረጅም ሱሪ ለብሰዋል፤ ራሳቸው ላይ መሐረብ አስረዋል፤ እያንዳንዳቸው ገጀራና ሽጉጥ ይዘዋል። ሴትነታቸውን በጡታቸው ለየሁት ብላለች። እየተሳደቡም ወንዶቹን «ግደሏት» ይሏቸው ነበር፤ ነገ መጥታ እንዳትመሰክርብን ብለው። እንደፈሩትም መሰከረችባቸው። ከታወቀው ንግግር ይልቅ እኔ አን ቦኒን የማገኛት እዚህ ምስክርነት ውስጥ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ንግግሩ የተዋጋ ከገመድ ይተርፋል ይላል። በኖቬምበር 28 ግን ሴቶቹም ሞት ተፈረደባቸው። ያተረፋቸው ገጀራቸው አይደለም። ሁለቱም ነፍሰ ጡር ነን አሉ፤ በእንግሊዝ ሕግ ደግሞ እርጉዝ ሴት እስክትወልድ አትሰቀልም። ሜሪ ሪድ እስር ቤት ሞታ በኤፕሪል 1721 ተቀበረች። አን ስለመሰቀሏ የሚናገር መዝገብ የለም።

እጅ መስጠት ሁሉ ውርደት እንዳልሆነ ያሳየችው ደግሞ ቻይናዊቷ ዠንግ ዪ ሳኦ ናት። ባሏ በ1807 ሲሞት በመቶዎች የሚቆጠሩ የወንበዴ መርከቦችን መምራት ጀመረች። መንግሥት ሲበረታባት በ1810 ሴቶችና ሕፃናት አስከትላ፣ መሣሪያ ሳትይዝ ካንቶን ገባችና ከአገረ ገዥው ጋር ተደራደረች። ሀብቷ ሳይነካ ምሕረት አገኘች፤ አብሯት መርከቦቹን ይመራ የነበረው ሁለተኛ ባሏ ዣንግ ባኦም በመንግሥት ጦር ውስጥ ማዕረግ ተሰጠው። እሷ የሞተችው በ1844 ነው።